ሠላሳ ሼቄል ለክፉ ቀን

«ማንአለብሽን መንግሥት በየወሩ ይቀልባታል።»

ይህን የሚሉት እማማ ቦጋለች ናቸው። ለቅሶ ቤት ይሉታል፣ አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ይሉታል፣ ክሊኒክ ተራ ሲጠብቁ ይሉታል። እኔ ፊት ለፊታቸው ቆሜ እንኳ ይሉታል፤ እንደሌለሁ ቆጥረው። «የኛ ልጆች ዩኒቨርሲቲ ከገቡ የሚበሉትን ይሰጧቸዋል። እዚያው ነው የምሠራ፤ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ወረቀቱ ሰማያዊ ነው።»

እማማ ቦጋለች የወላጆቼ ጎረቤት ናቸው። ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ቢሮ ያጸዳሉ። የዕብራይስጡንም የአማርኛውንም ፊደል አይለዩም። እኔ ደግሞ ከአሥራ አንድ ዓመቴ ጀምሮ የሕንጻውን ሰው ሁሉ ደብዳቤ የማነብ ልጅ ነኝ። በኛ ቤት ከበሩ ጀርባ አንድ ፌስታል ተንጠልጥሏል። ከባንክ፣ ከመብራት፣ ከማዘጋጃ ቤት፣ ከትምህርት ቤት የመጣ ወረቀት ሁሉ እዚያ ይገባል፤ ዓርብ ዓርብ እኔ አወጣና አነባለሁ፤ «ይህ ይከፈላል፣ ይህ ይጣላል፣ ይህን ፈርም» እላለሁ። ታዲያ ስለ ወረቀት የሚያውቀው ማን ነው? እርሳቸው ወይስ እኔ?

እውነቱን ላስቀምጥ። የትምህርቱ ክፍያ ይሸፈንልኛል፤ አልካድሁም። የትምህርት ክፍያ ግን ድስት ውስጥ አይገባም፣ ውሃ አያሞቅም። ድስቱን የምሞላው እኔ ነኝ። በሳምንት ሃያ ሰዓት ኤመቅ ሳራ፣ ፋብሪካዎቹ ያሉበት ሰፈር፣ አንድ መጋዘን ውስጥ ካርቶን አሽጋለሁ። በወር አንድ ሺህ አምስት መቶ አርባ ሼቄል እጄ ይገባል። ከዚያ በላይ ልሥራ ካልሁ ኬሚስትሪው ይወድቃል፤ ከዚያ በታች ከሠራሁ እኔ እወድቃለሁ።

ገንዘብ አያያዝ ያስተማረኝ ሰው የለም። የመጀመሪያው ዓመት መጽሐፉን ሁሉ አዲስ ገዛሁ፣ ምሳዬን ካፍቴሪያ በላሁ፤ የታኅሣሡ በዓል ሐኑካ ሲደርስ ባንክ የነበረኝ አሥራ አንድ ሼቄል ነው። ያን ቀን ባለ ካሬ ደብተር ይዤ ሱፐርማርኬት ገባሁና የሁሉንም ዋጋ በኪሎ በኪሎ መጻፍ ጀመርሁ። ጥበቃው ከመደርደሪያ መደርደሪያ ተከተለኝ።

«ምን ፈለግሽ?» አለኝ።

«ዋጋ።»

«የምኑን?»

«የሁሉንም። አንተም ብትጽፍ ይጠቅምሃል።»

ከዚያ ቀን ወዲህ አንድም ሼቄል ሳላየው ከእጄ ወጥቶ አያውቅም።

«ለምን ከቤተሰቦችሽ ጋር አትኖሪም?» ይሉኛል። ወላጆቼ እዚሁ ሽኩና ዳሌት የሚባለው ሰፈር ናቸው፤ ከኔ ክፍል አሥር ደቂቃ በእግር። ስምንት ሰው በሦስት ክፍል። ቴሌቪዥኑ የሚጠፋው መብራት ሲጠፋ ብቻ ነው። ጠረጴዛ አለ፤ ግን ይበላበታል፣ ልብስ ይተኮስበታል፣ እንግዳ ይቀመጥበታል። እኔ የተከራየሁት ክፍል ከአንዲት ሩሲያዊት ጋር በምንጋራው ቤት ውስጥ ያለ ጠባብ ክፍል ነው፤ ቀለሙ ተልጧል፤ መስኮቱ የሚያየው የጎረቤት የልብስ ገመድ ነው። ግን በር አለው፤ በሩም ይዘጋል። ዲግሪዬ ያለው ከዚያ በር ጀርባ ነው።

አከራዬ አቪሻይ የሚኖረው ዖሜር ነው፤ ግቢና ዛፍ ካለው ቤት። በወሩ መጀመሪያ ቀን በመኪናው ይመጣል፤ አይወርድም፤ ጥሩንባ ይነፋል። እኔ እወርዳለሁ። ባለፈው መጋቢት ኪራዩን ሦስት ቀን አሳለፍሁበት። አልጮኸብኝም። «አንድ ጊዜ ታገሥሁ፤» አለ መስታወቱን እያወረደ፤ «ሁለተኛ ብታዘገዪ ክፍሉን የሚጠብቁ አሥር ተማሪዎች አሉኝ።» ስልክ ቁጥራቸውንም አሳየኝ። ቆጠርኋቸው። አሥር ናቸው።

የእማማ ቦጋለች ወሬ እኔን ዘንድ ባዶውን አይመጣም፤ ሰው አስከትሎ ነው። የአክስቴ ባል ፍሪጅ ሊገዛ «ትንሽ ሙይልኝ» ብሎ መጣ። አንዲት የማላውቃት ሴት አውቶቡስ ውስጥ አቅፋ ሳመችኝና እስከ ወር ደሞዝ አበድሪኝ አለችኝ። እነዚህን መመለስ ቀላል ነው። ከባዱ አባዬ ነው። አባዬ ወሬውን ያመነው ሊያምነው ስለፈለገ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ አጎንብሶ የኖረ ሰው፣ ልጁን መንግሥት በየወሩ አስታውሶ እንደሚከፍላት ቢሰማ ለምን አያምን?

ሁለተኛ ዓመት በገባሁ በሦስተኛው ሳምንት የአጎቴ ልጅ ቢልልኝ አገባ። የመልሱ ድግስ ዓርብ ቀትር ላይ፣ በሕንጻዎቹ መካከል ባለው ሜዳ፣ ዳስ ተጥሎ ነው። በኛ ዘንድ ስጦታ በፖስታ ታሽጎ ሳጥን ውስጥ አይጣልም። አንድ ሰው ደብተር ይዞ ይቀመጣል፤ የሰጪውን ስምና ገንዘቡን በማይክራፎን ይጠራል፤ ሕዝቡ እልል ይላል። ደብተሩን የሙሽራው ቤተሰብ ለዓመታት ያስቀምጠዋል። የሰጠህን ሰው ተራው ሲደርስ ደብተሩን ገልጠህ ጨምረህ ትመልሳለህ። ስለዚህ በዚያ ማይክራፎን አንዴ የተጠራ ቁጥር ይከተልሃል።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ከእናቴ ቤት ወጥ ቤት ቆሜ ድስት እመልስ ነበር። እናቴ ሙሉመቤት በየሳምንቱ ወጥ ትልክልኛለች፤ ድስቱ ደግሞ ባዶውን አይመለስም፤ ነውር ነው። ስኳር ወይም ሻይ ይዤ ነው የምመልሰው። የእናቴ ነፃ ወጥ በሳምንት ስምንት ሼቄል ያስወጣኛል ማለት ነው። በደብተሬ ረድፍ አለው።

አባዬ ከሥራ ገባ። ጫማውን ሳያወልቅ «ጉዳዩን ጨርሻለሁ» አለ።

«የቱን ጉዳይ?»

«የቢልልኝን። ከኔ ሦስት መቶ፣ ካንቺ አምስት መቶ ብዬ ለአባቱ ነግሬዋለሁ። ነገ ይጠራል።»

ስኳሩን አስቀመጥሁ። «አባዬ፣ አምስት መቶ ከየት?»

«ከምትቀበይው ነዋ።»

«ምን እቀበላለሁ?»

«አገር ያውቀዋል፤ ከኔ ብቻ ነው የምትደብቂ?»

«አልቀበልም! ደብተሬን ላምጣና እይ።»

«ደብተርሽን ለአስተማሪሽ አሳዪ። እኔ ቃሌን ሰጥቻለሁ። ቢልልኝ አንቺ ዩኒቨርሲቲ የገባሽ ቀን መቶ ሼቄል አስጨብጦሻል።»

«መቶ እመልስለታለሁ።»

«የተማረ ሰው መቶ አይሰጥም!»

«ዘበነ፣ ቀስ በል፣» አለች እናቴ፣ «ግድግዳው ስስ ነው።»

«ይስማ! ለምን ነበር ያስተማርኋት?»

«አንተ አላስተማርኸኝም» አልሁት። «እኔው ነኝ የተማርሁ።»

ይህች ከአፌ ስትወጣ እንደከበደች ታወቀኝ። ውሸት ግን አይደለችም። በአሥራ ስድስት ዓመቴ ትምህርት ጥዬ መጋዘን የገባሁት ቤቱ ገንዘብ ስላነሰው ነው፤ የማጠናቀቂያ ፈተናውን በሃያ ዓመቴ የተፈተንሁት ከገበያ በኪሎ በገዛሁት አሮጌ መጽሐፍ ነው፤ ካርቶን ላይ ተቀምጬ። አባዬ ጫማውን አወለቀ።

ወደ ክፍሌ ሄጄ ደብተሬን ከፈትሁ። ደሞዜ በወሩ አሥር ገብቶ ምግቡንም ሌላውንም ለይቼ ነበር፤ ባንክ የቀረው የሚመጣው ወር ኪራይ ስድስት መቶ ሃያና ለክፉ ቀን ያልሁት ሠላሳ ብቻ ነው። አምስት መቶውን ከሰጠሁ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ አቪሻይ ጥሩንባውን ሲነፋ የምወርደው ሻንጣዬን ይዤ ነው። ቴሌቪዥኑ ሥር፣ ዘጠነኛው ፍራሽ ላይ እገኛለሁ። ኬሚስትሪ እዚያ እንደማይጠና ሞክሬ አይቼዋለሁ።

ብዙ አላሰብሁም። ደብተሩን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትሁ።

ዓርብ ዳሱ ሞልቷል። ማይክራፎኑን የያዘው ጎሹ ነው፤ አንድ ቁጥር በጠራ ቁጥር ድምፁ እንደ ጨረታ ነጋዴ የሚያድግ ሰው። «አቶ ዘበነ፣ ሦስት መቶ ሼቄል!» እልልታ። አባዬ ቀና ብሎ ተቀመጠ። «ልጃቸው ማንአለብሽ፣ የዩኒቨርሲቲዋ፣ አም…»

«ጎሹ፣ አምጣው» አልሁ አጠገቡ ደርሼ።

«ምኑን?»

«ማይክራፎኑን።»

ደስ አለው። «ልትመርቅ ነው! የተማረች ልጅ ልትመርቅ ነው፤ ጸጥታ!» ብሎ ሰጠኝ።

«ቢልልኝ ወንድሜ፣ እንኳን ደስ ያለህ» አልሁ። «መቶ ሼቄል ሰጥተኸኝ ነበር፤ መቶ ይዤልሃለሁ፤ ይኸው። አምስት መቶ ያልሆነበትን ምክንያት ማወቅ የፈለገ ያዳምጥ።» ደብተሩን ገለጥሁ። «በወር አንድ ሺህ አምስት መቶ አርባ አገኛለሁ። ካርቶን አሽጌ። ኪራይ፣ ስድስት መቶ ሃያ። መብራት፣ ውሃና የማዘጋጃ ቤት ግብር፣ መቶ አርባ። ምግብ፣ አራት መቶ…»

«አራት መቶ ሙሉ? ምን ትበያለሽ?» አለ አንዱ ከኋላ።

«ምስር።»

«ሌላስ?»

«ሌላ ምስር።»

ሳቁ። ይሳቁ። ቀጠልሁ። «ስልክ፣ ስልሳ። መጽሐፍና ፎቶ ኮፒ፣ ዘጠና። ሳሙናና የሴት ነገር፣ አርባ…»

«ኧረ ይህችን ልጅ ዝም አሰኟት!» አለች አክስቴ።

«ሥራ የምሄድበት አውቶቡስ፣ መቶ። ለቅሶ፣ ጥየቃና የእናቴ ድስት፣ ስልሳ። የሚቀረው ለክፉ ቀን ሠላሳ ሼቄል ነው። ለቢልልኝ የሰጠሁት መቶ ከየት መጣ? የክፉ ቀኑን ሠላሳ ወሰድሁ። የለቅሶውን ስልሳ ወሰድሁ፤ ስለዚህ በዚህ ወር እባካችሁ አትሙቱ። አሥሯን ከፎቶ ኮፒ። አሥር ሼቄል ሃምሳ ገጽ ነው፤ በእጄ እገለብጠዋለሁ።»

እዚህ ላይ ማይክራፎኑን መመለስ ነበረብኝ። ግን እማማ ቦጋለች ከፊተኛው ወንበር ላይ ሆነው ለጎረቤታቸው ሲያንሾካሹኩ አየሁ፤ ከንፈራቸው ላይ «ሰማያዊ» የሚለውን አነበብሁት።

«እማማ ቦጋለች!» አልሁ። «መንግሥት የሚሰጠኝ የትኛው ረድፍ ላይ እንደገባ እስቲ ያሳዩኝ። ደብተሩ ይኸው። ይምጡና ያንብቡልኝ።»

እማማ ቦጋለች በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ያዙ።

«እኔ ማንበብ አላውቅም ልጄ» አሉ። ማይክራፎኑ ባይኖርም ሁሉም ሰማ።

አባዬ ተነሣ። የተቀመጠበትን ወንበር አጠፈና ከዳሱ ምሰሶ አስደግፎ ሄደ።

ቀጥሎ ባለው ዓርብ ቤት ስገባ ፌስታሉ ከበሩ ጀርባ የለም። እህቴ ረዑት ጭኗ ላይ አድርጋ ትበረብራለች። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ አማርኛ ትሰማለች፣ የምትመልሰው በዕብራይስጥ ነው።

«ዳይ፣ ማኒ፣ አትንኪ» አለችኝ፤ በቃሽ ማለቷ ነው። «አባ ከእንግዲህ እኔ እንዳነብ ብሏል።»

«ማንበብ ትችያለሽ እንጂ መለየት ትችያለሽ?»

«ምን አለው? ዕዳ የሆነው ከላይ፣ ዕዳ ያልሆነው ከታች።»

አባዬ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጦ ውጭ ያያል። «ወረቀታችንን ቤታችን ያለች ልጅ ታንብብ» አለ፤ ለመስታወቱ። እኔም ከሱ ያነሰ ኩራት የለኝም። እሺ አልሁ። ከዚያ ወዲህ ቤት እገባለሁ፣ እወጣለሁ፣ ድስቱን ከነስኳሩ እመልሳለሁ፤ ያን ፌስታል ግን አልነካሁትም። እሱም «እስቲ እይልኝ» አላለም።

ያ ክረምት ክፉ ነበር። አገሩ በረሃ ነው ይላሉ፤ ሽኩና ዳሌት በጥር ምን እንደሚመስል ያላየ ይበል። ማሞቂያ በደብተሬ ረድፍ ስላልነበረው ቤተ መጻሕፍቱ እስኪዘጋ ሙቀቱን ከመንግሥት ወሰድሁ። እነሆ እማማ ቦጋለች፣ የመንግሥት ድጎማ! ሐሙስ ሐሙስ ገበያው ሊበተን ሲል ሄጄ የለሰለሰ ቲማቲም በግማሽ ዋጋ ገዛሁ። ሃምሳ ገጼን በእጄ ገለበጥሁ፤ የሚገርመው ያን ፈተና ከሁሉም በላይ አለፍሁት፤ በእጅ የተጻፈ አይረሳም። አቪሻይ በየወሩ ጥሩንባውን ነፋ፤ እኔም በየወሩ ወረድሁ። አንድም ቀን አላዘገየሁም። አንድ ቀን «ጎበዝ ነሽ» አለኝ። «አውቃለሁ» አልሁት።

በታኅሣሥ መጨረሻ እማማ ቦጋለችን የቤተ ሙከራው ኮሪደር ላይ መወልወያ ይዘው አገኘኋቸው። ከድግሱ በኋላ ፊት ለፊት ስንገናኝ የመጀመሪያችን ነው። ይሰድቡኛል ብዬ ተዘጋጀሁ፤ ምላሴን ስዬ ጠበቅሁ።

«አሁንስ ተስተካከለልሽ ልጄ?» አሉኝ።

ሊያሾፉብኝ ነው አልሁ። «በሚገባ!» አልሁ። «ባንኩ ሞልቶ እየፈሰሰ ነው።»

«እሰይ፣ እሰይ!» አሉ፤ ባልዲውን አነሱና ሄዱ። በሳምንቱ ወሬው በርትቶ ተመለሰ፤ «ይኸው በአፏ ነገረችኝ» የሚል ተጨምሮበት። ሰዉ በፊት ለፊቴ ይምል ጀመር። እኔም መካዱን ተውሁት። የፈለገ ይመን፤ እኔ ሥራ አለኝ።

እንዲህ እንዲህ እያልሁ ሁለተኛውን ዓመት ጨረስሁ፤ ሦስተኛውንም። የመጋዘኑ ሰዓት ሳይጨምር፣ ከማንም ሳልበደር፣ ኪራይ ሳላሳልፍ። በሁለት ሺህ ስምንት ሐምሌ የመጨረሻውን ፈተና አስረክቤ ስወጣ ደብተሬ የመጨረሻ ገጹ ላይ ደርሶ ነበር። ከሥሩ ሰረዝ አሰመርሁና «ተከፍሏል» ብዬ ጻፍሁ።

በዚያው ሳምንት ረዑት ለብሔራዊ አገልግሎት ወደ ሰሜን ልትሄድ ሻንጣ አሰረች። ዓርብ ቤት ስገባ አባዬ ከመስኮቱ ተነሣ። ፌስታሉን ይዞ መጣና ከፊቴ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። እኔም ወንበር ሳብሁ።

ከላይ ያለው ዕዳ ነው፤ የተከፈለ፣ በረዑት እርሳስ ምልክት የተደረገበት። ልጅቷ ጥሩ ሠርታለች። እያወጣሁ «ይጣላል፣ ይጣላል» አልሁ። እታች፣ ከሁሉ ሥር፣ ለአራት የታጠፈ ሰማያዊ ወረቀት ነበር።

«ይህ ምንድን ነው?»

ረዑት አንገቷን አስግጋ አየችው። «እሱ ዕዳ አልነበረም» አለች።

«ቦጋለች ናት ያመጣችው፣» አለች እናቴ ከምድጃው ሳትዞር፣ «ያኔ፣ የቢልልኝ ድግስ በዋለ በሁለተኛው ቀን። እሑድ ከሥራ ስትመለስ። "ለማንአለብሽ ስጫት፣ ራቪት ከምትባለው ጸሐፊ ለምኜ አስሞልቼ ነው" ብላ። እኔ እንደሌላው ሁሉ ፌስታሉ ውስጥ ከተትሁት፤ ስትመጪ ታነቢዋለሽ ብዬ። ከዚያ… እንግዲህ ታውቂዋለሽ።»

«ዕዳ ነው?» አለ አባዬ።

«አይደለም» አልሁ።

ዘረጋሁት። ለሁለተኛ ዓመት ተማሪዎች የኑሮ ድጎማ ይላል፤ እስከ ትምህርታቸው ፍጻሜ፣ በወር ስምንት መቶ ሼቄል። የማስገቢያው የመጨረሻ ቀን ኖቬምበር 30፣ 2006። በልቤ አባዛሁት፤ ልማድ ነው። ከዚያ ተውሁት። ዲግሪው እንደሆነ በእጄ ነው፤ የማንም ፊርማ የለበትም፤ የኔ እንጂ።

ላጥፈው ስል ከታች «የአመልካች ወርሃዊ ወጪ» የሚለውን ሰንጠረዥ አየሁ። በሰማያዊ ብዕር፣ በሰው እጅ ተሞልቷል። ኪራይ 620። መብራት፣ ውሃና ግብር 140። ምግብ 400። ስልክ 60። መጽሐፍና ፎቶ ኮፒ 90። ሳሙና 40። አውቶቡስ 100። ለቅሶ፣ ጥየቃና የእናት ድስት 60። ቀሪ 30።

ደብተሬን ከቦርሳዬ አውጥቼ አመሳከርሁ። ማንበብ የማያውቁት ሴትዮ አንድም ቁጥር አልሳቱም። ባዶ የቀረው የፊርማዬ ቦታ ብቻ ነበር።